የአያት ስም

ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከኦጎልቾ ወረድ ብሎ

ለእትዬ ኦብሴ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ወገብሽም ጉልበትሽም እሺ ብሎሽ፣ የምታስታምሚያቸው አሮጊትም እንቅልፍ ወስዷቸው፣ አንቺ አረፍ ብለሽ ያግኝሽ። እኔ ከሙቀቱና ከብቸኝነቱ በቀር ደህና ነኝ።

እንደ ድሮው በወረቀት ጻፊልኝ ስላልሽ ይኸው ጻፍኩ። ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም የምልክልሽ ግን ቅዳሜ ነው። እዚህ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፤ ስልኬ ነፍስ የሚዘራው ቅዳሜ ኦጎልቾ ገበያ ስወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዘገይ እንዳትቀየሚኝ።

ሥራ ጀመርኩ። ጤና ጣቢያው አምስት ክፍል ነው። ሐኪም ሲመደብበት እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ አሉ፤ እስከ ዛሬ የሠሩት ጤና መኮንንና ነርሶች ናቸው። አባዬ እስካሁን አልታረቀኝም። አሰላ መናኸሪያ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ "ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ቆላ ወርደሽ ዝንብ እሽ እንድትዪ ነው?" አለኝ። ጓደኞቼ አዲስ አበባ የግል ክሊኒክ ሲያስሱ እኔ በፈቃዴ እዚህ መምጣቴ እብደት መስሎታል። እሱ የሚፈልገው አንድ ዓመት ሠርቼ፣ የስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተናውን ወስጄ፣ ራዲዮሎጂ እንድገባለት ነው። ቀዝቃዛ ክፍል ተቀምጬ ራጅ ሳነብ ይታየዋል።

እኔ ምን እንደምፈልግ ግን አንቺ ታውቂያለሽ። ሰው ሳይብስበት ቀድሞ የሚያየው፣ እናትየዋንም ልጁንም አያቱንም በስም የሚያውቅ ሐኪም መሆን ነው። የመጀመሪያ ቀን ቀድሜ የገባሁት የት ይመስልሻል? ካርድ ክፍል! ካርድ ሠራተኛው ቶፊቅ ይባላል፤ የአሰላ ባለ ሱቅ ልጅ ነው። "እኔ ባለሁበት ካርድ አይጠፋም" አልኩት። ምስኪን ደነገጠ። ስለ ትንቢት ምን ብዬ ልንገረው? የአጎቴ ልጅ፣ ያንቺ ልጅ፣ በሦስት ዓመት ተኩሏ ካርዷ ጠፍቶ፣ የደም ውጤቷ ሳይገኝ ሞተች፤ እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ለቅሶው መሐል ቆሜ ሐኪም እሆናለሁ ብዬ ማልኩ ብዬ ልንገረው? አልነገርኩትም። መደርደሪያውን አብሬው ሳስተካክል ዋልኩ።

ከሥራ በኋላ የማወራው ሰው የለኝም። እንዳንቺ አፍ አልፈታሁበትምና ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ዋጋ ያስጠይቀኛል እንጂ የልብ አያጫውተኝም። ቶሎ ጻፊልኝ፤ እዚህ ከሰው የሚመጣልኝ ወሬ ያንቺ ብቻ ነው።

ሀ ሁ ያስቆጠርኩሽ
ዳናዊት


ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኩዌት

ለአስተማሪዬ፣ ለዶክተር ዳናዊት፣

እጅሽ የነካው ይዳን። እግርሽ የረገጠው ይለምልም። ውሃ ሁኚ፣ ሣር ሁኚ፤ አባቴ እንዲህ ነበር የሚመርቀው፣ እኔም ሌላ ምርቃት አላውቅም።

ደብዳቤሽን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ አነበብኩት፣ አንዴ ደግሞ ድምፄን አውጥቼ፤ የማሽኑ ጩኸት ስለሚሸፍነኝ። አማርኛዬ እንዳይጠፋብኝ ነው። እዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ዳኒዬ። የመጣሁ ቀን "ስምሽ ይከብዳል" ብለው ሮዛ አሉኝ፤ እስከ ዛሬም ሮዛ ነኝ። አሮጊቷ አሁን አሁን ሁሉን ረስተዋል፤ የልጆቻቸውንም ስም አያውቁም። ሮዛ የምትለዋን ግን አልረሱም። ጉድ እኮ ነው። ኦብሴ ብሎ የሚጠራኝ ያንቺ ወረቀት ብቻ ነው።

አባትሽን አትቀየሚው። እንደሻው አፉ እንጂ ሆዱ ክፉ አይደለም። ያኔ አንቺ ሕፃን ሆነሽ እኔን ትልቋን ሴትዮ ፊደል ስታስቆጥሪኝ፣ በሩ ላይ ቆሞ "ተማሪዋ ካስተማሪዋ ትረዝማለች" እያለ ይስቅብን ነበር። በማግስቱ ግን ደብተር ገዝቶ ያመጣልኝ እሱ ነው። አጎትሽ ከሞተ ወዲህም ከሰው እኩል ያስታወሰኝ እሱ ነው።

ቆላ ነሽና ውሃ አፍልተሽ ጠጪ። አጎበር አትርሺ። አሁን ሐኪም ይመከራል ትይኛለሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሁሩታ ስታልፊ የትንቢትን መቃብር እዪልኝ። የሽቦው አጥር ቆሞ እንደሆነ፣ ከብት ገብቶበት እንደሆነ ንገሪኝ።

ስለ ካርዱ የጻፍሽውን አይቻለሁ። እሱን እንተወው። ሌላ ሌላውን ጻፊልኝ፤ ምን እንደምትበዪ፣ ማን እንደሚያጥብልሽ።

የምትናፍቅሽ
ኦብሴ


ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከኦጎልቾ ወረድ ብሎ

ለእትዬ ኦብሴ፣

አሮጊቷም አንቺም እንደምን ከረማችሁ? ሁሩታ ሄጄ አየሁልሽ። አጥሩ በአንድ ጎን ወድቆ ነበር፤ ሰው ቀጥሬ አስቆምኩት። ሣሩን ራሴ ነቀልኩት። ብዙ ተቀመጥኩ።

አሁን የሆነብኝን ልንገርሽ፤ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ዙቤዳ የምትባል ሴት አለች። በዕድሜ ከኔ ብዙም አትበልጥም። የአራት ዓመት ልጅ አለቻት፣ ነኢማ። ልጅቷ ታስላለች፣ ትተኩሳለች፣ የበላችው አይታይባትም። መጀመሪያ ይዛት የመጣች ጊዜ ቲቢ ጠርጥሬ ናሙና ወስጄ ለምርመራ ላክሁ፤ እስከዚያ ሽሮፕ ሰጥቼ ሸኘኋት። በአሥር ቀኗ ተመለሰች። ያን ቀን ስብሰባ ሄጄ ነበር፤ ነርሷ በአዲስ ካርድ አየቻት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ቶፊቅ በመልክ አወቃትና ሦስት ካርድ ይዞ እየሮጠ መጣ። ነኢማ ሁሴን ቱፋ፣ ነኢማ ሁሴን ዋቆ፣ ነኢማ ሁሴን ጀማል። የልጅቷ ስም አንድ፣ የአባቷ ስም አንድ፣ የአያቷ ስም ሦስት!

"ዶክተር፣ መድኃኒቱን እየሰበሰበች ትሸጠዋለች" አለኝ ቶፊቅ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስልሳ ሰው አይቻለሁ፤ እግሬ አብጧል። "እውነተኛውን ስም ካልተናገርሽ አላክምም" አልኳት፤ በዚያች በገበያ ኦሮምኛዬ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። አንገቷን ደፋች። በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ልጇን አዝላ ወጣች።

በዘጠነኛው ቀን ውጤቱ መጣ። ነኢማ ሁሴን ቱፋ፦ ቲቢ አለባት።

መድኃኒቱ እጄ ላይ ነው፤ ልጅቷ ግን የለችም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀበሌውን ዞረች። "የሁሴን ቱፋ ቤት የት ነው?" ስትል ሁሉም "እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም" ይላታል። ዋቆም የለም፣ ጀማልም የለም። ሦስቱም ውሸት ነው።

ለምን ትዋሸኛለች? ልጇ እየሞተችባት? ካባረርኳትስ በኋላ ምን ፊት ይዤ ነው የምፈልጋት? ከሰው ሁሉ እኔ፣ ትንቢትን የማውቅ እኔ፣ ልጅ በካርድ ምክንያት መለስኩ።

ዳናዊት


ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኩዌት

ለአስተማሪዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አጥሩን ስላቆምሽልኝ ፈጣሪ ያቁምሽ።

ደብዳቤሽ በደረሰ ሰዓት አንብቤዋለሁ፤ መልሱ የዘገየው አሮጊቷ ታመው ነው። ማለቴ፣ ታመውም ነበር።

ሴትየዋን ብታገኚያት አትቆጪያት። ሌባ አይደለችም፣ መድኃኒት ሻጭም አይደለችም። እንዴት አወቅሽ አትበዪኝ። ሰው ፊት ስም አትጠይቂያት። ብቻ ፈልጊያት፣ ዳኒዬ፤ እባክሽ ሳትሰለቺ ፈልጊያት።

እዚህ ብርድ ገብቷል። የአሰላ ብርድ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ሰው ያሰባስባል። የጭላሎን ተራራ ፎቶ ላኪልኝ፤ ደመና ለብሶም ቢሆን ግድ የለኝም።

ልጅቷ ተገኘች ወይ? ሌላውን ሁሉ ተይና እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

ኦብሴ


ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከኦጎልቾ ወረድ ብሎ

ለእትዬ ኦብሴ፣

አልተገኘችም። ሦስት እሑድ በእግሬ ዞርኩ፤ ዙቤዳ ብዬ ስጠይቅ "የየትኛው ሁሴን ሚስት?" ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ እሱን አላውቅም። ቤቱ የተበታተነ ነው፤ ከአንዱ ግቢ አንዱ ግቢ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ውሻ ነክሶኝ ነበር፣ እሱን ተዪው።

ሌባ አይደለችም ካልሽ ታዲያ ምንድን ናት? አንቺ ኩዌት ተቀምጠሽ የምታውቂው፣ እኔ እዚህ አፈር ላይ ቆሜ የማላውቀው ምን ነገር አለ? "አትበዪኝ" ብለሽ አፌን ዘጋሽው። ሰዉም እንዲሁ ነው። ሆዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሕመሙ ሌላ ቦታ ነው። ከሽማግሌው እስከ ሕፃኑ ሁሉም የሚደብቀኝ ነገር አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ የሚተርቱትም እነሱ ናቸው!

ስለዚህ ወሰንኩ። አባዬ ትክክል ነበር። ለፈተናው ራዲዮሎጂ ብዬ ልመዘገብ ነው፤ ምዝገባው የካቲት መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ራጅ አይዋሽም። ራጅ አፉን በሻሽ አይሸፍንም። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ መማል ቀላል ነው፤ የማልኩት ለትንቢት ነበር፣ ይኸው አልቻልኩም።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንቺ እናቷ ነሽ። "ሂጂ፣ ፈትቼሻለሁ" በዪኝ። ካንቺ አፍ ካልሰማሁ የትም ብሄድ ሰላም አይሰጠኝም።

ዳናዊት


የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኩዌት

ለዳናዊት፣

ዛሬ ምርቃቱን መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ እመርቅሽ ዘንድ የሚገባኝ ሰው ከሆንኩ ታነቢዋለሽ።

እኛ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ነውር ነው። አሁን ብዙው ሰው ትቶታል፤ ከተማ ጭራሽ አይታወቅም፤ ወደ ገጠሩ ግን የያዙት ቤቶች አሉ። እናቴ አልተወችውም ነበር። ስትድረኝ ጆሮዬን ይዛ "ስሙ ካፍሽ የወጣ ቀን እኔን ሰደብሽኝ" አለችኝ። የገባሁት ደግሞ እናንተ ቤት ነው፤ እናንተ ይህን ልማድ አታውቁትም። አያትሽን አባባ ስላቸው ሁሉም "እንዴት ያለች ጨዋ!" አለኝ እንጂ ስማቸውን ጠርቼ እንደማላውቅ ማንም ልብ አላለም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ብነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። አልነገርኳቸውም።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር። አጎትሽ ኮምባይነሩን ይዞ ለመከር ወጥቷል። ያን ጊዜ የተከራየነው ቆላ ነው፤ እኔና ትንቢት ብቻችንን ነን። ተኮሳት። አዝዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ካርድ ሰጪው "ስም?" አለኝ፤ አልኩት። "የአባት?" አለኝ፤ የአጎትሽንም ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ አልኩት። "የአያት?" አለኝ። ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛ "ቶሎ በይ እንጂ ሴትዮ!" አለ። የአንድ ጎረቤታችንን ስም አልኩት። ደም ወሰዱላት። "ውጤቱን ነገ መጥተሽ ውሰጂ" አሉኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። "የአያት ስም?" አለኝ።

ትናንት ያልኩትን ረሳሁት። ረሳሁት፣ ዳኒዬ። ልጄ ጀርባዬ ላይ እየነደደች ነው ያደረችው፤ ጭንቅላቴ ባዶ ነበር። አንድ ስም አልኩ፤ ካርዱ የለም አለኝ። ሌላ አልኩ፤ የለም አለኝ። ሰውየው ሦስት ጊዜ መደርደሪያውን አገላበጠልኝ፤ አልተቆጣኝም። "ነገ የሚያስታውስ ሰው ይዘሽ ነይ" አለኝ። እውነተኛው ስም አፌ ውስጥ ነበር፤ ብናገረውም ካርዱ ላይ የለም። በሦስተኛው ቀን ትንቢት አልነበረችም።

አጎትሽ ከመከር ሲመለስ ሰውየውን አነቀው፤ በመከራ አስለቀቁት። ካርድ አጠፋ ተብሎ ከሥራው ተባረረ። ልጆች ነበሩት። እኔ ዝም አልኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሆዴ ፈጀኝ። አንቺ ደግሞ ያቺ ትንሽ ልጅ ተነሥተሽ ማልሽ። ሰዉ ሁሉ እያለቀሰ ሳመሽ። ካርዱ አልጠፋም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ እንዴት ልንገርሽ?

የታኅሣሡን ደብዳቤ ሳነብ "አፏን በሻሿ ሸፈነች" የሚለው ላይ ወዲያው ገባኝ። ዙቤዳ ማለት እኔ ነኝ። የዚያኑ ቀን በሁለት መስመር ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ከነገርኩሽ የኔንም ማወቅሽ ነው። ፈራሁ። ሁለት ወር ፈራሁ።

ሂጂ በዪኝ ብለሽኛል። አልልሽም። "ለምን ትዋሸኛለች?" ብሎ ሦስት እሑድ ሙሉ የሚንከራተት ሐኪም ለኔ ቢገጥመኝ ኖሮ ልጄ ዛሬ ሃያ ዓመቷ ነበር። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ።

ቁስሉ ባንቺ እጅ ይሻር። እግርሽ ቀንቶት ልጅቷን በሕይወት ያግኛት።

ኦብሴ


የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከኦጎልቾ ወረድ ብሎ

ለወይዘሮ ኦብሴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ልጅቷ ተገኝታለች። የጤና ጣቢያውን ዘበኛ ጋሽ ሀሰኖን ጠየቅኋቸው። "ዙቤዳ? የሁሴን ገመዳ ሚስት ናት፤ ከወንዙ ማዶ፣ ትልቁ ዋርካ ጋ" አሉኝ። ስም እንደማትጠራስ ያውቁ ነበር? "አዎ።" ታዲያ ለምን አልነገሩንም? "ማን ጠየቀኝ? እኔ የበር ነኝ።"

ከቶፊቅ ጋር ሄድን። ዙቤዳ ስታየኝ ወደ ጓዳ ገባች። ነኢማ ደጅ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች፤ ክብደቷ ስምንት ኪሎ ተኩል ነው። ቶፊቅ ጎንበስ ብሎ "ስምሽ ማነው?" ቢላት ባንድ ትንፋሽ "ነኢማ ሁሴን ገመዳ!" አለችው። ልጅ ላይ ክልክል የለም። ሦስት ጊዜ ስትመጣ ልጅቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋትም።

መድኃኒት ጀምራለች። ትተርፍ እንደሆነ አላውቅም። ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢሆን አውቅ ነበር። እርስዎም ያውቁት ነበር።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ ካርድ ሠራተኛ ስሙ ማን ነበር? እኛ ቤት "ካርድ ያጠፋው ሰውዬ" ነው የሚባለው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ እያልኩ ስረግመው ኖሬያለሁ።

ዶ/ር ዳናዊት እንደሻው


መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኩዌት

ለዳናዊት፣

ስሙን አላውቀውም። እኔም አልጠየቅሁትም።

"እርስዎ" አልሽኝ። ይገባኛል። ግን እንዲህ የራቅሁት አውሮፕላን የተሳፈርኩ ቀንም አይደለም።

አሮጊቷ ባለፈው ማክሰኞ አረፉ። የቤቱ ሰዎች አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ የጠየቀኝ የለም። ልጃቸው ሌላ ቤት ልታዛውረኝ ትፈልጋለች፤ እዚያም ሮዛ ነኝ መሰለኝ።

የልጅቷን ነገር ብቻ፣ አንድ መስመርም ቢሆን፣ ጻፊልኝ። ለኔ ብለሽ ካልሆነልሽ ለእሷ ስትዪ።

ኦብሴ


ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከኦጎልቾ ወረድ ብሎ

ለኦብሴዬ፣

ሁለት ወር ዝም አልኩሽ። መጀመሪያ በንዴት ነበር፤ በኋላ ግን በሐፍረት። አንቺ በፍርሃት ዝም ባልሽበት እኔ በንዴት ዝም አልኩ፤ ልዩነቱ ጠፋኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የአሮጊቷንም ነፍስ ይማር። እዚያ ብቻሽን ተቀምጠሽ ማን አጽናናሽ?

ነኢማ ተርፋለች! አሥራ አንድ ኪሎ ሆነች። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የጋሽ ሀሰኖን ዱላ ይዛ ሰው "ቁም!" ትላለች። ዙቤዳ ባለፈው ሳምንት የገብስ ጩኮ በቅቤ ለውሳ አመጣችልኝ። ሰው በተሰበሰበበት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የሰደብኳት ሰው ፊት ነበርና። ለኔ ራሷን ነቀነቀችልኝ። ቶፊቅን ግን አላናገረችውም፤ ጩኮውንም አላቀመሰችውም። እሱም "ይገባኛል" ብሎ ጥጉን ያዘ።

የካርድ ክፍሉን ሥራ ለወጥነው። የልጆቹን ካርድ አሁን የምንደረድረው በእናታቸው ስም ነው። ስለ አማቷ ስም ማንም ሳያስጨንቃት የራሷን ስም ትናገራለች፤ ካርዱ ይወጣል። የአያት ስም ካስፈለገ ቶፊቅ ከመስኮቱ ወጥቶ ልጁን ይጠይቃል፤ ልጁ አፍ ካልፈታ ጋሽ ሀሰኖን። ጋሽ ሀሰኖ አሁን ሹመት ያገኙ መስሏቸው ኮት መልበስ ጀምረዋል። ባለፈው ወር ብቻ ሁለት ሦስት ካርድ የነበራቸው አሥራ አራት ልጆች አገኘን። አሥራ አራት፣ ኦብሴዬ።

ያን ካርድ ሠራተኛ ፈለግሁት። ጡረታ የወጡ ነርስ አግኝቼ ጠየቅሁ። አገር ለቅቆ ሄደ አሉኝ፤ ወዴት እንደሄደ፣ ማን እንደሚባል አላስታወሱም። ይህን ዕዳ ሁለታችንም እንደያዝነው እንቀራለን።

ፈተናውን የተመዘገብኩት ለቤተሰብ ሕክምና ነው። ከተማርኩ በኋላ እዚሁ እመለሳለሁ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ለአባዬ ደውዬ ስነግረው "የቤተሰብ ሐኪም? እኛስ ቤተሰብ አይደለንም?" ብሎ ስልኩን ዘጋው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሶ ደወለና "የጉልበቴን ነገር ታውቂበታለሽ ማለት ነው?" አለኝ። ታርቀናል መሰለኝ።

አዲሱን መዝገብ ስከፍት የመጀመሪያውን መስመር ላንቺ ትቼዋለሁ። "የእናት ስም" ከሚለው ሥር ኦብሴ ብዬ ጻፍኩ። "የልጅ ሙሉ ስም" የሚለው ግን ባዶ ነው። እኔ አውቀዋለሁ፤ የኔም አያት ናቸው። ግን እኔ አልጽፈውም። ድምፅ አውጪ አላልኩሽም፤ እጅሽ ይበቃኛል። ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ቆርጬ እለጥፈዋለሁ።

ሌላ ቤት አትግቢ። ነዪ። እዚህ ኦሮምኛ የሚያስተምረኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ ተራው ያንቺ ነው።

ዳኒሽ


ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኩዌት

ለዳኒዬ፣

አሥራ አንድ ኪሎ የሚለውን ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ማሽኑ እኮ ጠፍቶ ነበር፤ ሰሙኝ፣ ይስሙኝ። ዕድሜሽ ይርዘም። ወንበርሽ ላይ የተቀመጠ በሽተኛ ሁሉ ስቆ ይነሣ።

ነኢማ ሙሉ ስሟን ባንድ ትንፋሽ አለችው ብለሽ ስትጽፊልኝ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ትንቢትም ትችለው ነበር። አያትሽ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አስጠንተዋት፣ በግቢው እየዘለለች ትለው ነበር፤ እኔ እየሮጥኩ አፏን እይዛታለሁ፣ እንዳልሰማው። እሷ ጨዋታ ይመስላታል፤ ከእጄ ሥር እየሳቀች ትጨርሰዋለች። ያን ቀን ካርድ ክፍል ስቆም ጀርባዬ ላይ ነበረች። ዞር ብዬ "ንገሪው፣ ልጄ" ብላት ኖሮ ትነግረው ነበር።

ለአሮጊቷ ልጅ ሌላ ቤት አልገባም ብያታለሁ። "ሮዛ፣ አገርሽ ማን አለሽ?" አለችኝ። የሚጠይቀኝ ሰው አለኝ አልኳት። ለመስከረም ትኬት ትቆርጥልኛለች።

ይህን ከመጻፌ በፊት እናቴን ይቅር በዪኝ አልኳት። አባባንም ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ሁለቱም ከአፈር በታች ናቸው፤ የሚቆጣኝ የለም። እንዲህም ሆኖ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ፊደሉ ቢጣመምብኝ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽና አትሳቂብኝ። ቆርጠሽ ለጥፊው።

እናት፦ ኦብሴ
ልጅ፦ ትንቢት በእውቀቱ ወልደአማኑኤል